አሥራ አንድ ጊዜ የተቀዳ ቁጥር

ማክሰኞ ጠዋት፣ ወረፋው ገና ሳይረዝም፣ አንዲት ሴት በካርድ ክፍሉ መስኮት አንድ ወረቀት ወረወረችልኝና "ይህን የጻፈው ማን ነው?" አለችኝ። አንገቷ ላይ የልብስ ሰፊ ሜትር ተንጠልጥሏል። ከማሽኗ ተነሥታ ሳታወልቀው ነው የመጣችው።

ወረቀቱ ከሆስፒታላችን የወጣ ነው፤ ማኅተሙም የኛው። የሰባት ዓመት ልጇ የምትማርበት ትምህርት ቤት የጠየቀው የሕክምና ማስረጃ ነው። "የምርመራ ውጤት፦ የጠባይ መታወክ" ይላል፤ ከጎኑ አንድ ቁጥር አለ። ሌላ ምንም የለውም።

"እንዲህ አድርጎ የሚያወጣው ኮምፒውተሩ ነው፤ እርስዎ..." አልኳት። ይህን የምንለው ሰው ቶሎ እንዲሄድልን ነው።

"እርስዎ አትበይኝ፤ ያረጀው ማሽኔ እንጂ እኔ አይደለሁም። ደግሞ ኮምፒውተር ልጄን የት ያውቃታል? ዐርብ ጠዋት ኮሚቴ ሊቀመጥባት ነው። ዳይሬክተሯ ምን አለችኝ መሰለሽ? 'ሐኪም ራሱ ጠባይ የላትም ብሎ ከጻፈ እኛ ምን እናድርግ? የምትማታ ልጅ ከሌሎች ልጆች ጋር አናስቀምጥም።' ልጄን ያመጣኋት እንድታክሙልኝ ነው ወይስ እንድትሰድቡልኝ?"

"እህቴ፣ ክርክሩን ወደ ጓሮ አድርጊልን፤ እኛም ወረፋ ይዘናል" አለ ከኋላዋ የቆመ ሰውዬ።

"አንተ ዝም በል! ያንተስ ካርድ ላይ ምን እንደተጻፈ ታውቃለህ?"

ሰውዬው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። አልፈረድኩበትም።

ሥራችን እንዲህ ነው። ሐኪሙ በቃላት ይጽፋል፤ እኛ ቃላቱን ወደ ቁጥር እንለውጣለን። ለየበሽታው በበሽታ መለያ መጽሐፋችን ውስጥ ቁጥር አለ። ቁጥሩ አንዴ ከገባ በኋላ ሐኪሙ የጻፈውን ገልጦ የሚያነብ ሰው የለም፤ ሁሉም የሚያየው ቁጥሩን ነው። ግድግዳችን ላይ "በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል" የሚል ተለጥፏል። አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተምሬ፣ ሦስት ዓመት እዚያ ግድግዳ ሥር ተቀምጬ፣ የሚወረሰው ነገር ስህተትም ሊሆን እንደሚችል አስቤ አላውቅም ነበር።

የልጅቷን ካርድ ከፈትኩ። አሥራ ሁለት ጊዜ መጥታለች። ቁጥሩ አሥራ ሁለቱም ላይ አለ። ለቶንሲል ስትመጣ አለ። ለትኩሳት ስትመጣ አለ። ወድቃ አገጯ ሲሰፋ እንኳ አብሯት ነበር። ስክሪናችን ላይ "ካለፈው ቅዳ" የምትል ሰማያዊ ቁልፍ አለች፤ ስትጫናት ያለፈውን ቀጠሮ ቁጥር ወደ ዛሬው ታመጣልሃለች። በቀን ሁለት መቶ ካርድ የሚጠብቀው ሰው ያቺን ቁልፍ እንደ እናቱ ይወዳታል። ስለዚህ አሥራ አንዱ ቅጂ ነው። ዋናው የመጀመሪያው ነው።

ወደ መጀመሪያው ሄድኩ። ልጅቷ ያኔ አራት ዓመቷ ነው። አሁን ከሆስፒታሉ የለቀቁ አንድ ሐኪም ሦስት ዓረፍተ ነገር ጽፈዋል፤ "ትጮኻለች። ትማታለች። ልብሷን ታወልቃለች።" በቃ። ለምን እንደሆነ አልጻፉም፤ ይህ በሽታ ነው ወይም ያ ነው አላሉም። ምልክት ብቻ ሲጻፍ የሚገባው ምልክቱን እንደ ምልክት መመዝገብ፣ አለዚያም ሐኪሙን መጠየቅ ነው። ይህን ካርድ የያዘው ሰው ግን አልጠየቀም። ሦስቱን ዓረፍተ ነገር አየ፣ "የጠባይ መታወክ" ብሎ ዘለለ፣ ወደሚቀጥለው ካርድ ሄደ። ከሥር የሠራተኛው መለያ አለ።

የኔ መለያ ነው። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ሳምንት።

"አገኘሽው?" አለችኝ ልብስ ሰፊዋ።

"አገኘሁት።"

"ማን ነው?"

"እኔ ነኝ።"

ጀግንነት እንዳይመስላችሁ። ውሸት ለመፈለግ ጊዜ ያስፈልጋል፤ እኔ ደግሞ ትዕግሥት የለኝም።

ትጮኽብኛለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን ሜትሩን ከአንገቷ አውርዳ እጇ ላይ መጠቅለል ጀመረች።

"እንግዲያው ያበላሸሽውን አንቺው ታበጂዋለሽ" አለች። "እኛ ስፌት ሲጣመም ማሽኑን አንሰድብም። ተርትረን እንደገና እንሰፋለን።"

የካርድ ክፍሉ ኃላፊ ጋሼ ማስረጃ ናቸው። ስማቸው አይደለም፤ ምን ቢነግሯቸው "ማስረጃው የታለ?" ስለሚሉ ነው። አንድ ቀን ጠባቂው "ጋሼ፣ ዝናብ ጀምሯል" ሲላቸው መስኮቱን ከፍተው እጃቸውን አውጥተው አይተዋል።

ታሪኩን ነገርኳቸው። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

"የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" አሉ።

"ጋሼ፣ ተረቱን አውቀዋለሁ።"

"ካወቅሽው ልቀሚ። ቁጥሩን ዝም ብለሽ ብትነኪው ግን ዛሬውኑ ነው የማባርርሽ። መጀመሪያ የሐኪሙ ቃል ይምጣ። ከዚያ የማረሚያውን ቅጽ ትሞያለሽ። ቅጹ እንደ ደንቡ የሚታየው በወር መጨረሻ በሚሰበሰበው ኮሚቴ ነው።"

"ልጅቷ ያላት እስከ ዐርብ ነው!"

"ማስረጃው የተሟላ ከሆነ እኔም መፈረም እችላለሁ። የተሟላ አልኩ። ደግሞ ሐኪሙን ስትጠይቂ መልሱን አፉ ውስጥ እንዳታስገቢለት።"

ይህ የሙያችን ጥብቅ ሕግ ነው። ሐኪምን በቅጽ መጠየቅ እንችላለን፤ "ይህ በሽታ ነው አይደል?" ብለን መምራት ግን አንችልም። የታየውን ዘርዝረን፣ "ምክንያቱን በሙያዎ ይግለጹልን" ብለን ባዶ መስመር እንተዋለን። እኔ ጽፌ ላክሁ። የሚያክሟት የሕፃናት ሐኪም በቀን ስልሳ ልጅ የሚያዩ ሰው ናቸው። ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ ቅጹ ተመልሶ መጣ። ባዶው መስመር ላይ አንድ ቃል ተጽፏል፤

"እስማማለሁ።"

ቅጹን ይዤ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለልኩ ወጣሁ። የሕፃናት ክፍሉ ኮሪደር በልቅሶ ተሞልቷል። ዶክተሩ የአንድ ሕፃን ሆድ እየዳበሱ ነበር።

"ዶክተር፣ የተስማሙት ከማን ጋር ነው?"

"ከአንቺ ጋር ነዋ።"

"እኔ እኮ ምንም አላልኩም፤ ጠየቅኩ እንጂ።"

ሳቁ። "የካርድ ክፍል ቅጽ ሲመጣ እስማማለሁ ካልኩ ሁላችሁም ደስ ይላችኋል። ሃያ ዓመት እንዲሁ ኖሬአለሁ።" ቅጹን ተቀበሉኝ፤ እስክሪብቷቸውን ከፈቱ። "በይ ምን ብዬ ልጻፍ? ንገሪኝና ልጻፈው፣ ውጪ ሰው ሞልቷል።"

እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ ነው። መልሱን ደግሞ የማውቀው ይመስለኛል። ልብስ ሰፊዋ ከመሄዷ በፊት ልጅቷ አንገትጌዋ ላይ የተሰፋ የፋብሪካ ምልክት ሲነካት እንደተቃጠለች እንደምትጮህ፣ የትምህርት ቤቱ ደወል ሲመታ ጠረጴዛ ሥር እንደምትገባ ነግራኛለች። ማታ መጽሐፎቼን ገልጬ ነበር። አንድ ቃል ባቀብላቸው ይጽፉታል፤ በደቂቃ ውስጥ ያልቅልኛል። ልጅቷም ዐርብ ትድናለች።

ግን ያኔም እንዲሁ ነው ያደረግሁት። ሐኪሙ ያላሉትን እኔ ከጭንቅላቴ አውጥቼ ጻፍኩባት። አሁን ልክ ብሆን እንኳ ልክ የሆንኩት በዕድል ነው።

"አልነግርዎትም" አልኳቸው። ምላሴን ነክሼ ነው።

"ምን?"

"ይዩአትና ይጻፉ። ከዐርብ በፊት።"

ዶክተሩ ቀና ብለው አዩኝ፤ ይቆጡኛል ብዬ ነበር።

"አንቺ ነሽ ካርድ ክፍል ውስጥ ችኩሏ የምትባዪው?"

"አዎ።"

"ነገ ሦስት ሰዓት፣ ምድር ቤት፣ ዥዋዥዌ ጋ ትምጣ።"

ዥዋዥዌ የምንለው ልጆችን በንክኪና በእንቅስቃሴ የሚያክመውን ቴራፒስት ነው። በር የሚሞላ ግዙፍ ሰው ነው፤ ምድር ቤት ያለው ክፍሉ ጣሪያ ላይ ዥዋዥዌ ስላለ ስሙ በዚያው ቀረ። ብዙ ሠራተኛ ሥራው ልጆች ማጫወት ይመስለዋል። እኔም ይመስለኝ ነበር።

ሐሙስ ልጅቷ መጣች። የትምህርት ቤት ዩኒፎርሟን ለብሳለች፤ ግን ስፌቱ ሁሉ ወደ ውጪ ነው። እናቷ በየስፌቱ ላይ ሰማያዊ ጥለት ስለሰፋችበት ሆን ተብሎ የተሠራ ፋሽን ይመስላል፤ ገላዋን የሚነካው የውስጡ ልስልስ ጨርቅ ብቻ ነው። ልጅቷ ለማንም ሰላም አላለችም። ዥዋዥዌውን አየችና ሄዳ ተቀመጠችበት።

"ጥሩ ዓይን አላት" አለ ቴራፒስቱ። "ስለሷ የተጻፈ ነገር አለ?"

እኔ አንገቴን ደፋሁ። እናትየዋ ግን ከቦርሳዋ የደንበኞች ልክ የምትጽፍበትን ደብተር አወጣች። ፊት ፊቱ ደረት፣ ወገብ፣ የእጅጌ ቁመት ነው። የኋለኞቹ ገጾች የልጅቷ ናቸው። ቴራፒስቱ ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ።

"ጥጥ፣ ምልክቱ የተቆረጠ፦ ቀኑን ሙሉ። ሱፍ፦ እስከ በር ብቻ። ካልሲ በግልባጭ፦ ትችላለች። ላስቲክ ያለው ወገብ፦ ነከሰችኝ። ፀጉር በማበጠሪያ፦ አይሆንም፤ በጣቴ ይሆናል። የጎረቤት በያጅ፦ አልጋ ሥር። ለስለስ አድርጎ መንካት፦ ትማታለች። ጥብቅ አድርጎ ማቀፍ፦ ትረጋለች፣ ትተኛለች።"

ዶክተሩ ዘግይተው ገብተው በር ላይ ቆመው ይሰሙ ነበር።

"ይህን ማን ጻፈው?"

"እኔ" አለች።

"ነርስ ነሽ?"

"ልብስ ሰፊ ነኝ። ሳልለካና ሳልጽፍ መቀስ አላነሣም።"

"ይህ ሁሉ እያለሽ ለሐኪም ለምን አላሳየሽም?"

"ማን ጠይቆኝ? 'ምን ሆነች?' ይሉኛል። 'ትማታለች' እላለሁ። 'መቼ? ማን ሲነካት?' የሚለኝ የለም፤ እኔ ሳልጨርስ እነሱ ጽፈው ጨርሰዋል።"

ዶክተሩ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

ቴራፒስቱ ሥራውን ጀመረ። የልጅቷን ክንድ በቀጭን የሥዕል ብሩሽ ዳበስ ሲያደርጋት በቡጢ መታችው። "አመሰግናለሁ" አላት። አሸዋ የተሞላ ከባድ ትራስ ጭኗ ላይ ሲያኖርላት ደግሞ ትከሻዋ ወረደ፤ ረጅም ትንፋሽ አወጣች። ከዚያ ድንገት አንዲት ትንሽ የናስ ሳህን በዱላ መታ። ልጅቷ ከዥዋዥዌው ተወርውራ ጠረጴዛ ሥር ገባች፤ ጆሮዎቿን ይዛ ትንቀጠቀጣለች። እናቷ ልትነሣ ስትል ቴራፒስቱ በእጁ ከለከላት። ሳህኗንና ዱላዋን ጠረጴዛው አጠገብ መሬት ላይ አስቀመጠና ጀርባውን ሰጠ።

ጠበቅን። እኔ መጠበቅ አልችልም፤ እግሬ በራሱ ጊዜ ወለሉን መደብደብ ጀመረ፣ በእጄ ያዝኩት።

በመጨረሻ ከጠረጴዛው ሥር አንድ እጅ ወጣ። ዱላዋን ያዘ። ሳህኗን ነካ አደረገ። ከዚያ መታ አደረገ። ከዚያ ልጅቷ ራሷ ወጣችና ባላት ጉልበት ትቀጠቅጠው ጀመር። ምድር ቤቱ ተናወጠ። እናቷ፣ ቴራፒስቱ፣ ዶክተሩና እኔ አራታችንም ጆሯችንን ይዘን ቆምን። እሷ ብቻ ትስቃለች።

"አሁን ገባኝ" ብለው ጮኹ ዶክተሩ፤ ካልጮኹ አይሰማማ። "ራሷ ስታሰማው ትችለዋለች! ድንገት ሲመጣባት ነው!"

እዚያው ትራስ ላይ ወረቀት አስደግፈው መጻፍ ጀመሩ። ልጅቷ የጨዋነት ችግር እንደሌለባት፤ ጆሮዋና ቆዳዋ የሚያቀብሏትን አንጎሏ መጥኖ መቀበል እንደሚቸግረው፤ ቀላል ንክኪ እንደ ጥቃት፣ ድንገተኛ ድምፅ እንደ አደጋ እንደሚሰማት፤ የምትማታው ከኋላ ሳታየው ሲነካት እንደሆነ፤ ጫና ያለው ንክኪ እንደሚያረጋጋት፤ አስቀድማ የምታውቀውን ወይም ራሷ የምታሰማውን ድምፅ ግን እንደምትችል። የእናቷን ደብተር ሁለት ገጽ ቅጂ አባሪ አደረጉ። አንድ ገጽ ተኩል ሞላ።

"ቁጥሩ ስንት ነው?" አሉኝ ሲፈርሙ።

"ቁጥሩ የኔ ሥራ ነው ዶክተር። ቃሉ ነው የእርስዎ።"

ካርድ ክፍል ተመለስኩ። የዚህ ችግር ጣጣው በመጽሐፋችን ውስጥ ለብቻው የተሰጠው ቁጥር አለመኖሩ ነው። የቸኮለ ሰው ጎረቤት ያለውን ቁጥር መበደር ይቀናዋል። ግን በእድገት ችግሮች ሥር "ሌላ፣ የተገለጸ" የሚል ቦታ አለ፤ እዚያ የሚገባው ግን ሐኪሙ በቃላት ከገለጸው ብቻ ነው። የኔ ሐኪም ገልጸዋል። የዶክተሩን ቃላት እንዳሉ ከቁጥሩ ጎን አስገባሁ፤ ስለዚህ ወረቀቱ ሲታተም ቁጥሩ ብቻውን አይወጣም። ከዚያ የድሮው ቁጥር ከአሥራ ሁለቱም ቦታ ላይ እንዲሰረዝ አንድ በአንድ መዘገብኩ። ሰማያዊዋን ቁልፍ አልነካሁም። በጣቴ ነው፤ አሥራ ሁለት ጊዜ።

የማረሚያውን ቅጽ ለጋሼ ማስረጃ አቀረብኩ። ገጹን እየገለጡ አነበቡ። አባሪውን አነበቡ። ሱፉ ጋ ሲደርሱ "እስከ በር ብቻ" ብለው ለራሳቸው ደገሙት። መጨረሻ ላይ "ስህተቱን የፈጸመው" የሚለው ሳጥን ጋ ደረሱና ቆሙ።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"የኔ መለያ ቁጥር ነው።"

"በሠላሳ ዓመት ውስጥ ይህ ሳጥን ተሞልቶ አላየሁም። ሁሉም 'ሲስተም' ብሎ ነው የሚጽፈው።" ብዕራቸውን አነሡ። "የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይጻፍብሻል።"

"እሺ።"

"ያቺ ሰማያዊ ቁልፍም ከሰኞ ጀምሮ የለችም።"

"ጋሼ፣ የክፍላችን ሰዎች ይገድሉኛል።"

"ማስረጃ ካገኘሁ እከስልሻለሁ" ብለው ፈረሙ። ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ዐርብ ጠዋት ልብስ ሰፊዋ መስኮቴ ላይ መጥታ ወረቀቱን ወሰደችና አልሄድ አለች።

"ምን ቀረ?" አልኳት።

"አንቺ። ጠማማውን የሰፋች ትምጣና ትናገር።"

ከኋላዬ የጋሼ ማስረጃ ድምፅ መጣ፤ "ሂጂ። የፈሰሰውን ለቅመሽ ጨርሺ።"

ኮሚቴው ዳይሬክተሯ፣ አንድ የሒሳብ መምህርና የወላጆች ተወካይ ናቸው። የዳይሬክተሯ ቢሮ ወደ ግቢው የሚከፈት ትልቅ መስኮት አለው፤ ውጪ ከዛፍ ላይ ወፍራም ብረት ተንጠልጥሏል፤ ዘበኛው በሌላ ብረት እየመታ ይደውልበታል። ልጅቷ ከእናቷ ጋር ተለጥፋ ተቀምጣለች።

ዳይሬክተሯ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አደረገች። "አንድ ሆስፒታል፣ አንድ ማኅተም፣ ሁለት ወረቀት። የትኛውን ልመን?"

"የመጀመሪያውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አይመኑት" አልኳት። "ሁለተኛውን የጻፉት ያዩአት ሐኪም ናቸው።"

"አንቺስ ሐኪም አይደለሽም?"

"አይደለሁም። ለዚህ ነው የመጀመሪያው የተበላሸው።"

የሒሳብ መምህሩ ሳል አስመስሎ ሳቀ። "ግን ሁለት ልጆች መታለች" አለ።

"ሰልፍ ላይ፣ ከኋላዋ ቆመው ሲነኳት" አለች እናቷ።

"አንደኛው ገጽ፣ ሦስተኛው መስመር" አልኩ እኔ። መምህሩ ጣቱን መስመሩ ላይ አደረገ፤ አነበበ፤ ወረቀቱን ለወላጆች ተወካይዋ አቀበላት።

በዚህ መሀል ዘበኛው ብረቱን መታ። ልጅቷ ከወንበሯ ተንሸራትታ የዳይሬክተሯ ጠረጴዛ ሥር፣ እግሯ አጠገብ ገባች። ዳይሬክተሯ ጎንበስ ብላ ረጅም ጊዜ አየቻት። እዚያ ቢሮ ውስጥ ስንት ዓመት እንደተቀመጠች አላውቅም፤ ያንን ደወል ግን በአንድ ልጅ ጆሮ ስትሰማው የመጀመሪያዋ ይመስለኛል። ቀና ስትል የሐኪሙን የመጨረሻ መስመር ደግማ አነበበች።

"ራሷ የምታሰማውን ትችላለች... ማለት ብረቱን እሷ ብትመታው?"

'አዎ' ልል ከጅሎኝ ተውኩት። መልሱን አፏ ውስጥ ማስገባት ነውር ነው።

ዳይሬክተሯ በመስኮቱ ዘበኛውን ጠራችው። "ደወሉን ለሌላ ሰው ብንሰጠው ይከፋሃል?"

"ክንዴ እኮ አለቀ እመቤቴ! ዛሬውኑ ውሰዱልኝ!"

"ልጅቷ ትቀጥላለች" አለች ዳይሬክተሯ፣ ለኮሚቴውም ለኛም። "ሰልፍ ላይ መጨረሻ ትቆማለች፣ ከኋላዋ ሰው አይኖርም። ዩኒፎርሟም እንዳለ ይሁን።" የዩኒፎርሙን ጥለት በዓይኗ ተከተለችው። "ስፌቱ እንዲያውም ያምራል። ማን ነው የሰፋው?"

ልብስ ሰፊዋ ሜትሯን አንገቷ ላይ አስተካከለች። "ልክዎን ልውሰድ?"

የዕረፍት ሰዓት ደረሰ። ልጅቷ ዛፉ ሥር ቆማ መምቻውን ብረት በሁለት እጇ ያዘች። ዘበኛው ሦስት ጊዜ ነበር የሚመታው። እሷ ሦስት፣ አምስት፣ ዘጠኝ መታች፤ በሮቹ ተበረገዱ፤ አምስት መቶ ልጅ እየጮኸ ወደ ግቢው ፈሰሰ፤ እሷም መሀላቸው ቆማ መምታቷን አላቆመችም። እናቷ በሁለት እጇ አፏን ይዛ ስታለቅስ ነበር። እኔ ጆሮዬን ለመያዝ ዘገየሁ።

ጆሮዬ እስከ ምሳ ድረስ ጮኸብኝ። ለመታከም ግን ካርድ አላወጣሁም።